ተራ የሌለው ጅማሬ፦ የድሮው የሰንጠረዥ ጨዋታ ሕግ

ዛሬ «ሰንጠረዥ» ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ በመስመር የተከፋፈለ፣ ከአናቱ «ሰንጠረዥ 3» ተብሎ የተጻፈበት የቁጥር መደብ ነው። ኳስ ወዳዱ ደግሞ የሚያስበው የደረጃ ሰንጠረዡን ነው፤ ማን መሪ፣ ማን ወራጅ ቀጠና ውስጥ እንዳለ። ቃሉ ግን ሌላ ትርጉምም አለው፤ የቼስ ዘመድ የሆነ የድሮ ጨዋታ ስም ነው። በሕንድ ቻቱራንጋ፣ ማለትም «አራት ክፍል ያለው ሠራዊት» ተባለ፤ ዝሆን፣ ፈረስ፣ ሠረገላና እግረኛ። ፋርሶች ቻትራንግ አሉት፣ ዐረቦች ሻትራንጅ አሉት፣ እኛ ሰንጠረዥ አልነው። በመስመርና በዐምድ የተከፋፈለው ሰሌዳ ለቁጥር መደቡ ስሙን ያዋሰ ይመስላል። ጨዋታው ሲጠፋ ስሙ ከቁጥሩ ጋር ቀረ።

የዚህን ጨዋታ ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ አንድ ቦታ ላይ የኅትመት ስሕተት ያለ መስሎኝ ተመልሼ አነበብኩት። «ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ የፈለጉትን ያህል ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ» ይላል። ቼስ ተጫውቶ ለሚያውቅ ሰው ይህ ማለት «ሁለቱም ቡድን የየራሱን ኳስ ይዞ ይጫወታል» እንደ ማለት ነው። ስሕተት ግን አልነበረም። የኢትዮጵያን ሰንጠረዥ በዓለም ካሉት የቼስ ዘመዶች ሁሉ የሚለየው ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ ስሙም ወረራ ይባላል።

ወረራን ለመረዳት ግን መጀመሪያ ጦሩን መቁጠር ያስፈልጋል።

ሰሌዳው ስምንት በስምንት ነው፣ 64 ቤት። እዚህ ድረስ ከቼስም ከዳማም አይለይም። ልዩነቱ ጥቁርና ነጭ ቤት የሚባል ነገር የሌለው መሆኑ ነው። ብዙ ጊዜ ሰሌዳው ቀይ ጨርቅ ሲሆን ቤቶቹን የሚለዩት በላዩ የተሰፉ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጥብጣቦች ናቸው። ተጠቅልሎ የሚያዝ ስለሆነ ለዘመቻም ለመንገድም ይመቻል። ጠጠሮቹ በመኳንንቱ ቤት ከዝሆን ጥርስ ይቀረጹ ነበር፤ የአውሮፓ ተጓዦች ትልልቅና ሻካራ ናቸው ብለው ጽፈውባቸዋል።

እያንዳንዱ ተጫዋች 16 ጠጠር አለው። ከኋላ ረድፍ መካከል ላይ ንጉሥ ይቆማል፤ ከመካከለኛው መስመር በስተቀኝ፣ ከተጫዋቹ በኩል ሲታይ። ከግራው ፈርዝ አለ። ከሁለቱ ግራና ቀኝ ፊሎች፣ ቀጥሎ ፈረሶች፣ ዳርና ዳር ደግሞ ደሮች። ፊት ለፊታቸው ስምንት መደቆች ይሰለፋሉ።

ንጉሡ በሁሉም አቅጣጫ አንድ ቤት ይሄዳል። ፈረሱ ዛሬም እንደምናውቀው ሁለት ሄዶ አንድ ይታጠፋል፣ በሌላው ላይም ይዘላል። ደር ዛሬ ግንብ ወይም ሩክ የምንለው ነው፤ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን መንገዱ እስከ ተከፈተለት ድረስ ይጋልባል። ለቼስ ተጫዋች እስካሁን እንግዳ ነገር የለም።

እንግዳው ፈርዝ ነው። ዛሬ ንግሥት በቆመችበት ቦታ ይቁም እንጂ ንግሥት አይደለም። ስሙ ከፋርስ የመጣ ሆኖ የንጉሥ አማካሪ ማለት ነው፤ አረማመዱም እንደ ሽማግሌ ነው፣ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ። አንዳንድ ምንጮች ሲሄድ በሁሉም አቅጣጫ አንድ ቤት ይራመዳል፣ ሲበላ ግን በሰያፍ ብቻ ነው ይላሉ። በየትኛውም ቢሄድ ዛሬ ሰሌዳውን ሙሉ ከምታስጨንቀው ንግሥት ጋር አይወዳደርም። አውሮፓውያንም ቢሆኑ እስከ 15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ድረስ የነበራቸው ይኸው ቀርፋፋ አማካሪ ነው። እነሱ ለወጡት፣ እዚህ አልተለወጠም።

ፊል በዐረብኛ ዝሆን ማለት ነው። ሳባ የሚሉትም አሉ። ዛሬ ቢሾፕ ባለበት ቦታ ይቆማል፣ ግን በሰያፍ እንደ ልቡ አይሮጥም። በትክክል ሁለት ቤት ይዘላል፣ አይጨምርም አይቀንስም። መካከል ላይ ያለው ቤት ባዶ ይሁን የተያዘ ይሁን ግድ የለውም፣ እዚያ ያለውን ጠጠር አይነካውም። አፍንጫው ሥር የቆመውን አይበላም፣ አንድ ቤት አልፎ ያለውን ግን ይበላል።

ይህ ቀላል የሚመስል ሕግ አንድ አስገራሚ ነገር ያመጣል፣ ወረቀት ላይ በእርሳስ ተከታትላችሁ ሞክሩት። አንድ ፊል ዕድሜ ልኩን ቢዘል የሚደርሰው ስምንት ቤት ላይ ብቻ ነው። በሰሌዳው ላይ ያሉት አራቱም ፊሎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ስምንት ቤት አላቸው፣ አንዱ የሌላውን ቤት ጨርሶ አይረግጥም። ስለዚህ ፊል ፊልን መብላት አይችልም። ከ64ቱ ቤቶች ደግሞ ግማሾቹ፣ 32ቱ፣ ምንም ዓይነት ፊል የማይደርስባቸው ናቸው። ጥሩ ተጫዋች እነዚህን ቤቶች በዓይኑ ያውቃቸዋል፤ ሰሌዳው ጥቁርና ነጭ ስለሌለው ግን የሚረዳው ቀለም የለም።

የንጉሡ አቋቋምም ትንሽ ትኩረት ይፈልጋል። ሁለቱም ተጫዋቾች ንጉሣቸውን ከየራሳቸው በኩል በስተቀኝ ስለሚያቆሙ ንጉሥና ንጉሥ ፊት ለፊት አይተያዩም። የአንዱ ንጉሥ የሚያየው የሌላውን ፈርዝ ነው። ዛሬ በምንጫወተው ቼስ ንጉሥ ከንጉሥ፣ ንግሥት ከንግሥት ትተያያለች። ለውጡ የማስጌጫ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ፈርዝ በሰያፍ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ግማሹ ሰሌዳ ለዘላለም የተዘጋበት ነው። ሁለቱ ፈርዞች ፊት ለፊት ቢቆሙ ኖሮ አንዱ በአንዱ ግማሽ፣ ሌላው በሌላው ግማሽ ስለሚመላለሱ መቼም አይገናኙም ነበር። በሰንጠረዥ አቋቋም ግን ሁለቱም በአንድ ግማሽ ላይ ስለሚውሉ ይገናኛሉ፣ ይፋለማሉ፣ ይበላላሉ። በዚያው ስሌት የእናንተ ፈርዝ ከባላጋራችሁ ንጉሥ ጎን የቆመውን ፊል ሊያጠቃ ይችላል፤ ከፈርዙ ጎን ያለው ፊል ላይ ግን በፍጹም አይደርስም።

መደቅ እግረኛው ነው። ወደ ፊት አንድ ቤት ይሄዳል፣ በሰያፍ ወደ ፊት ይበላል። መጀመሪያ ላይ ሁለት ቤት መዝለል የለም። ንጉሥና ደር ቦታ የሚለዋወጡበት ዘዴም የለም። መደቁ የሰሌዳው መጨረሻ ላይ ሲደርስ ምን ይሆናል ለሚለው ምንጮቹ አይስማሙም፤ አንዳንዶቹ ፈርዝ ይሆናል ይላሉ፣ ሌሎቹ ምንም ሹመት አያገኝም ይላሉ። የፈርዝን ኑሮ ላየ ሰው ልዩነቱ ያን ያህል የሚያጣላ አይደለም።

እንግዲህ ጦሩን ቆጠርን። ከስድስቱ ዓይነት ጠጠሮች ሩቅ የሚሄደው ደር ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ አንድ ወይም ሁለት ቤት የሚራመድ ነው። እሱ ደር ደግሞ ጨዋታው ሲጀመር ከመደቁ ጀርባ ታፍኗል። አንድ መደቅ ከቦታው ተነሥቶ በቦታው የቆመውን የባላጋራ የመደቅ ረድፍ ለመንካት አራት ጊዜ መራመድ አለበት። ተራ በተራ ከሆነ ደግሞ በየመካከሉ የባላጋራ እርምጃ አለ። እንዲህ ያለ ጨዋታ ሲጀምር በጣም ያንቀላፋል።

በባግዳድ ኸሊፋዎች ዘመን የነበሩት የሻትራንጅ ሊቃውንት ይህን ችግር የፈቱት በቃል በሚጠና አሰላለፍ ነበር። ታቢያ የሚሏቸው ስም ያላቸው አሰላለፎች ነበሩ፤ ተጫዋቹ ባላጋራው የሚያደርገውን ብዙም ሳይጨነቅ አንዱን መርጦ ጦሩን በዚያ መልክ ያሰልፋል፣ ከዚያ ፍልሚያው ይጀመራል። በበርማው ሲቱዪን ደግሞ እግረኞቹ ብቻ አስቀድመው ተሰልፈው ሌላውን ጦር ተጫዋቾቹ ራሳቸው በፈለጉት ቦታ ያስቀምጡታል። የኛ መፍትሔ ከሁለቱም የተለየ ነው። ተራውን ራሱን አነሣው።

ወረራ እንዲህ ነው። ጠጠሮቹ ተሰልፈው ሲያልቁ ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ ማንቀሳቀስ ይጀምራሉ። አንዱ አራት ጊዜ ሲያንቀሳቅስ ሌላው አንድ ጊዜ ቢያንቀሳቅስ ሕግ አልተጣሰም። አንዱ እጁን አጣጥፎ ማየት ቢፈልግም ይችላል። ጠጠሮቹ ግን የየራሳቸውን አረማመድ ይጠብቃሉ፤ ፈረስ እንደ ፈረስ፣ መደቅ እንደ መደቅ። ይህ የሚቀጥለው የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ነው። አንዱ ሲበላ ወረራው ያበቃል፣ ቀጣዩ ተራ የተበላበት ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ጨዋታው እንደ ማንኛውም ቼስ ተራ በተራ ይሄዳል።

በወሬ ሲሰማ ትርምስ ይመስላል። እጁ የፈጠነ ያሸንፋል ማለት ነው? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፣ እኔም ይህንኑ ነበር የጠየቅኩት። መልሱን ያገኘሁት ታናሽ ወንድሜን አስቀምጬ በተራ የፕላስቲክ ቼስ ስንሞክረው ነው።

ወንድሜ ወረራ የሚለውን ቃል እንደ ሰማ ቃሉን አምኖ ወረረ። በፈርዙ በኩል ያለውን ፈረስ ሁለት ጊዜ አስዘልሎ መካከል ላይ አደረሰው፤ በሦስተኛው ዝላይ ከንጉሤ ጎን ባለው ፊል ፊት የቆመውን መደቅ በላ። ሦስት እርምጃ፣ እኔ ገና አንድ መደቅ ስገፋ። ደስ ብሎት ቀና አለ። ግን ያች መደቅ በንጉሤ ጥላ ሥር ነበረች። ሲበላ ወረራው አበቃ፣ ተራው የኔ ሆነ፣ ንጉሤ አንድ ቤት በሰያፍ ተራምዶ ፈረሱን በላው። ፈረስ ለመደቅ ከሰረ። በተራ ቼስ ቢሆን ፈረሱ ሲመጣ አይቼ መደቅ ገፍቼ አባርረው ነበር፤ በወረራ ግን ማባረር እንኳን አላስፈለገኝም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት ፍጥነት ብቻውን ብዙ እንደማይጠቅም ነው። መብላት የሚቻለው አንድ ጊዜ ነው፣ ከዚያ ወዲያው ተራውን ለባላጋራ ትሰጣላችሁ። የበላው ጠጠር የቆመበት ቤት የሚጠበቅ ከሆነ የሚበላው እሱ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ከዚህ ይከብዳል። በተራ ቼስ «ቀጥሎ ምን ሊያደርግ ይችላል?» ብሎ ማሰብ ይበቃል። በወረራ ጊዜ ግን ባላጋራችሁ ከመብላቱ በፊት ስንት እርምጃ እንዳለው ገደብ የለውም። የምትጠይቁት ጥያቄ «ይህ ፈረስ አሁን የት ይደርሳል?» ሳይሆን «ይህ ፈረስ ማንም ካልከለከለው በመጨረሻ የት ይደርሳል?» ነው። ከደሩ ፊት ያለው መንገድ ቢከፈት፣ ፊሉ ስምንቱን ቤቱን ቢዞር፣ መደቁ ቢገፋ። ስለዚህ አሰላለፋችሁ ውስጥ ያለ ጠባቂ የቆመ ጠጠር ሊኖር አይገባም። ፊል አፍንጫው ሥር ያለውን መደቅ እንደማይጠብቅ አስታውሱ፤ ጀማሪ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፣ ፊሉን እንደ ቢሾፕ አይቶ መደቁ የተጠበቀ ይመስለዋል።

ሦስተኛው ትምህርት የድንበሩ ነገር ነው። የኔ መደቆች አራተኛው ረድፍ ላይ፣ የባላጋራዬ መደቆች አምስተኛው ላይ ቢቆሙ አፍ ለአፍ ገጠሙ ማለት ነው፣ ሁለቱም በሰያፍ ሊበሉ ይችላሉ። እዚያ የደረሰ መደቅ ቀጥሎ ራሱ ሊበላ ይችላል፣ ሊበላም ይችላል፤ በአማርኛ ሁለቱ ቃል አንድ ዓይነት መጻፉ እዚህ ላይ በትክክል ይገልጸዋል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች መካከለኛውን መስመር ሲቃረቡ ይቀዘቅዛሉ። መጀመሪያ እንደ ወጨፎ ሲወርድ የነበረው እንቅስቃሴ ይቆምና መተያየት ይጀመራል። አንዱ ፈረሱን ወደ ግራ ሲያዞር ሌላው ደሩን ወደዚያው ያመጣል። የመጀመሪያው ደግሞ ያንን አይቶ ፈረሱን ይመልሳል። መደቅ ብቻ ነው ወደ ኋላ የማይመለሰው፣ የሌላው ሁሉ አሰላለፍ ሊፈርስና እንደገና ሊሠራ ይችላል።

ለዚህ ነው በዚህ ጨዋታ ውስጥ የመክፈቻ ሽምደዳ ቦታ የሌለው። በዘመናዊ ቼስ ሰዎች የመጀመሪያዎቹን 15 እና 20 እርምጃዎች ከመጽሐፍና ከኮምፒውተር ሸምድደው ይመጣሉ፤ ሁለቱም የሸመደዱት አንድ ዓይነት ከሆነ ለግማሽ ሰዓት ያህል የሚጫወት ሰው የለም ማለት ነው። በወረራ የሚሸመደድ ቅደም ተከተል የለም፣ ቅደም ተከተሉ ራሱ የለምና። ያላችሁ የባላጋራችሁ እጅና ዓይን ብቻ ነው። በበኩሌ ይህን ክፍል ከጨዋታው ሁሉ እወደዋለሁ። ቼስ የሚያውቅ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር የሚተካከልበት ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን አይተካከሉም።

ይህ ጨዋታ የት ይካሄድ እንደ ነበር ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም የመጨረሻው ሕግ ያለዚያ አይገባም። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ቢቺኒ የሚባል የቬኒስ ሰዓሊ በዐፄ ልብነ ድንግል ቤት ከንጉሡ ጋር ቼስ ይጫወት እንደ ነበር ተጽፏል። በዚያን ጊዜ በጣልያን አዲሷ ንግሥት ሰሌዳውን መግዛት ጀምራ ነበር፤ ሰውየው እሷን ለምዶ መጥቶ ከሆነ የኛ ፈርዝ እንቅልፍ ሳያስይዘው አልቀረም። ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ የለየላቸው ሰንጠረዥ ወዳድ ነበሩ። እቴጌ ጣይቱም በገና ከመደርደራቸው ጋር ሰንጠረዥ እንደሚጫወቱ ይነገርላቸዋል።

በራስ ወልደ ሥላሴ ግቢ የተቀመጡ እንግሊዛውያን ያዩትን ጽፈዋል፣ ትዕይንቱ ከጸጥታው የቼስ አዳራሽ ጋር ምንም አይገናኝም። ጠጠር ሲበላ ቀስ ተብሎ አይነሣም፤ በበላው ጠጠር በኃይል ተመትቶ ከቤቱ ይወረወራል። ዙሪያውን የተቀመጠው ሰው ሁሉ ይናገራል፣ ይከራከራል። አሽከሩ ሳይቀር እጁን ሰዶ ጠጠሩን ያነሣና «እንዲህ ቢሄድ» እያለ ያሳያል። በየሰፈሩ ጥላ ሥር በቆርኪ ዳማ ሲጫወቱ ያየ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም፤ ከሁለቱ ተጫዋቾች ይልቅ ከጀርባ የቆሙት አምስቱ ናቸው የሚጫወቱት። አንድ ነገር ግን ከዳማው ይለያል። ያ ሁሉ መካሪ እየተጯጯኸም ቢሆን መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ የሚያሸንፉት ራስ ነበሩ። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ብልሃት ራሱ ቀላል አይመስለኝም።

አሁን ወደ ማሸነፍ እንመጣለን። በሰንጠረዥ የሚታየው ማሸነፋችሁ ብቻ ሳይሆን በምን እንዳሸነፋችሁም ነው። ከ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚህ የኖረው የእንግሊዝ ቆንስላ ዋልተር ፕላውደን ይህን በዝርዝር ጽፎታል። ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ ቼክ ሜት ማድረግ፣ ማለትም መሸሻ አሳጥቶ መያዝ፣ ድል ነው፣ ግን ጥበብ የሌለበት ድል ነው። በፊል ወይም በፈርዝ ከሆነ ይሻላል፤ እነዚያ ደካሞች ናቸውና ንጉሡን ለማጥመድ ማሰብን ይጠይቃሉ። በመደቅ፣ በተለይም በተባበሩ መደቆች ከሆነ ግን የተመልካቹ ጭብጨባ ለዚያ ነው።

በመደቅ ንጉሥን መያዝ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ለማወቅ አንድ ጊዜ ሞክሩት። መደቅ የሚያስፈራራው ከፊቱ በሰያፍ ያሉትን ሁለት ቤቶች ብቻ ነው፣ አይመለስም። ንጉሡ አንድ ቤት ወደ ጎን ቢል አምልጧል። ስለዚህ ከብዙ እርምጃ በፊት ጀምሮ መውጫዎቹን በፊልና በፈርዝ መድፈን፣ ደሩን አጥር አድርጎ ማቆም፣ ከዚያ መደቁን በመጨረሻ ወደ በሩ ማምጣት ያስፈልጋል። በደሩ አሁኑኑ መጨረስ የሚችል ተጫዋች እጁን ይሰበስብና ሌላ ስምንት እርምጃ ይደክማል። ለዘመናዊ ቼስ ተጫዋች ይህ ዕብደት ነው፤ ቼክ ሜት ቼክ ሜት ነው፣ ነጥቡም አንድ ነው። ተመልካቹ እስከ አሽከሩ ድረስ በሚፈርድበት ግቢ ግን ነጥብ የሚሰጠው ሰሌዳው ሳይሆን ዙሪያው ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ሌላ ሕግ አለ። የባላጋራን ጦር ሁሉ በልቶ፣ ንጉሡን ብቻውን እርቃኑን አስቀርቶ፣ ከዚያ እያሳደዱ ቼክ ሜት ማድረግ አይፈቀድም። በድሮው የዐረብ ሻትራንጅ ንጉሡን ብቻውን ማስቀረት ራሱ ማሸነፊያ ነበር። እዚህ ተቃራኒው ሆነ፤ ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይያዝም። ስለዚህ ጨዋታው ወደ መጨረሻው ሲቃረብ የበለጠ ጦር ያለው ሰው ነው የሚጨነቀው። የባላጋራውን ጠጠር መብላት ሲችል መተው፣ እንዲያውም እንዳይበላበት መጠንቀቅ ይኖርበታል። በዝቶ መብላት ድልን ያስቀራል።

ባላጋራ አንድ ዋና ጠጠር ብቻ ሲቀረው ደግሞ ቆጠራ ይገባል። ያ ጠጠር ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሱ በፊት ንጉሡ መያዝ አለበት። ሰባቱ ካለቀ ጨዋታው አቻ ነው።

ጨዋታው ምን አጠፋው ለሚለው የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት ስለዚሁ ሰንጠረዥ በጻፈው ጥናት ከ1928ቱ የጣልያን ወረራ በኋላ እየከሰመ እንደ ሄደ ይናገራል። መኳንንቱ ዘመቱ፣ ሞቱ፣ ተሰደዱ፤ ጨዋታው ደግሞ የእነሱ ግቢ ጨዋታ ነበር። ገበጣ በመሬት ላይ ተቆፍሮ ስለሚጫወት ከእረኛው ጋር ተረፈ። ሰንጠረዥ ጨርቅና ጠጠር፣ ሰፊ ጊዜና ጯኺ ተመልካች ይፈልግ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው የዛሬው ቼስ ነው፣ ከነንግሥቱና ከነሰዓቱ።

መሞከር ለሚፈልግ ግን የሚያስቸግር ነገር የለም። ያላችሁን ቼስ አውጡ፣ የሰሌዳውን ቀለም እንዳላያችሁ ሁኑ። ሁለታችሁም ንጉሣችሁን ከየራሳችሁ በኩል ከመካከል በስተቀኝ አቁሙ። ንግሥቷን ፈርዝ በሏት፣ ቢሾፑን ፊል። ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ነገር ተስማሙ፤ ፈርዝ በሰያፍ ብቻ ነው ወይስ በሁሉም አቅጣጫ፣ መጨረሻ የደረሰ መደቅ ይሾማል ወይስ አይሾምም፣ በወረራ ጊዜ ንጉሥን ቼክ ማለት፣ ማለትም ልበላህ ነው ብሎ ማስፈራራት፣ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም። ሦስተኛውን እኛ ሳንስማማ ጀምረን ግማሽ ሰዓት ተከራክረናል፣ ቡናው ቀዝቅዟል። አሁን የምንጫወተው ያለ ቼክ ነው፤ ንጉሥ ለመንካት መጀመሪያ ጠጠር መብላት አለበት።

ተመልካችም ጥሩ፤ ዝም የማይል ቢሆን ይመረጣል።

ባለፈው የተጫወትነውን እናቴ ከሶፋው ላይ ሆና እያየች ነበር፣ ቼስ አታውቅም። ሁለት ደርና አራት መደቅ ቀርቶኛል፣ ወንድሜ ከንጉሡ ሌላ አንድ ፈረስ ብቻ። በሦስተኛው እርምጃ ላይ በደሬ መጨረስ እችል ነበር፣ በግልጽ ይታየኝ ነበር። በመደቅ ልጨርስ ብዬ ተውኩት። ወንድሜ ፈረሱን ባንቀሳቀሰ ቁጥር እናቴ ጮክ ብላ ትቆጥራለች። አራት። አምስት። መደቄ ሁለት ቤት ቀርቷታል። ስድስት አለች እናቴ፣ ወንድሜም ፈረሱን አንሥቶ አየር ላይ ይዞ እኔን እያየ ሳቀ።